እኩል የረገጡ ለታ

በጀማ ገደል ድልድይ የሚያልፍ ሁሉ ከጆሮው ጀርባ አራማጅ ይለጥፋል። አራማጅ የምስር ፍሬ የምታክል መሣሪያ ናት፤ «ግራ፣ ቀኝ» እያለች ሕዝቡን እኩል ታስኬዳለች። የድልድዩ ንዝረት መሐንዲስ ወይንሸት ግን ገና ከመነሻው አልወደደቻትም። ሰውን እንደ ሰልፈኛ መንዳት ምን ይሉታል?

ቅዳሜ ቀትር ላይ የሙሽራው ሰርገኛ እየዘፈነና እያጨበጨበ መሃል ድልድይ ደረሰ። የሙሽራዋ ዘመዶችም ማዶ በራቸው ላይ መጠበቅ ሰልችቷቸው እዚያው ድረስ ወጥተው መንገድ ዘጉ። ሁለት መቶ ሰው ተጨናነቀ። አራማጅ ይህን አይታ እርምጃውን ስታዘገይ፣ ምቷ ከድልድዩ የገዛ ምት ጋር ገጠመ። ማንኛውም ግንባታ ሲነኩት የሚወዛወዝበት የራሱ ምት አለው፤ በዚያው ምት ደጋግመው ከገፉት፣ ዥዋዥዌ ላይ እንዳለ ልጅ በትንሽ ግፊት ከፍ እያለ ይሄዳል። ወለሉ ወደ ጎን መወዛወዝ ጀመረ። ውዝዋዜውን እንዲውጥ ከሥሩ የተሰቀለው ክብደት ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ተቆለፈ።

«የአራማጅን ምት አጥብቂው» አሉ ኃላፊዋ አቶ ሞላልኝ፣ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ከወይንሸት ጎን ቆመው። «ከፈታሻቸው ተረጋግጠው ያልቃሉ።»

«የሚጨርሳቸው እኩል መርገጣቸው ነው እኮ።»

«ካጠፋሽው ሥራ የለሽም።»

«ይቅርብኛ» አለችና አጠፋችው።

ምን ዋጋ አለው፤ ወለሉ ራሱ እየገፋ እኩል ያስረግጣቸዋል። ቁሙ ብትላቸውም መቆም አልቻሉም። የሙሽራዋ ዘመዶች ሳይቀሩ ከሙሽራው ወገን ዘፈን ጋር እኩል ያጨበጭባሉ። ወይንሸት ፈራች። ድምፅ ማጉያውን አንስታ የሙሽራዋን ወገን ዘፈን አውራጅ ጠራች።

«እትዬ አስካለ፣ በእናንተ ድልድይ የእነሱን ዘፈን ታጨበጭባላችሁ?»

እትዬ አስካለ ተቆጡ። የራሳቸውን ዘፈን ፈጠን ባለ ጭብጨባ አነሱ፤ ዘመዶቻቸው ተከተሏቸው። የሙሽራው ወገን ደግሞ ሊሸነፍ? የራሱን አጠበቀ። ዘፈን ከዘፈን ተጋጨ፣ እግር ተበታተነ፣ የአንዱ ግፊት የሌላውን አጠፋ። ድልድዩ ቀስ በቀስ ረጋ፤ ሁለቱም ወገን እየተሰዳደበ በሰላም ተሻገረ።

አቶ ሞላልኝ ላባቸውን ጠረጉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ነበር የምንሰማው።»

«ያበረ እግር ደግሞ ድልድይ ይጥላል» አለች ወይንሸት።

ጥቂት አሰቡና ፊታቸው በራ። «እንግዲያው ከሥራሽ አትሄጂም። ሰው እንዳይስማማ የምታደርግ አራማጅ ትሠሪልናለሽ።»

ወይንሸት ከማዶ እስካሁን ያልበረደውን ጭቅጭቅ አዳመጠች።

«ለእሱ እንኳ መሣሪያ አያስፈልገንም፣ አቶ ሞላልኝ» አለች። «ዝም ብለው ይተዉን።»