ዶክተሩን ያደነቀው ፕሮፌሰር

«ሃያ ገጽ፣ ሁለት ሁለት ኮፒ። በፊትም በጀርባም።»

የይለፍ ቃሉ ነው።

ምስጥ ቀና አላለም። ወረቀቱን ከአለቃው ተቀብሎ ኮፒ ማሽኑ ላይ ደረደረ። ሰባተኛው ገጽ ጥግ ላይ በእርሳስ ተጽፏል፤ «ዝርዝሩ ያለው ዶክተሩ እጅ ባለው ፍላሽ ላይ ነው። ቅዳና አምጣልኝ።»

ምስጥ የምስጢር ስሙ ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ግን «ኮፒ» ይሉታል። አራት ዓመት ሙሉ ሲያባዛላቸው ስምህ ማነው ያለው አንድ ምሁር የለም።

«አጎት፣ የታዘዝነው ዝርዝሩ እንዳይወጣ እንድናደርግ አልነበረም? መቅዳቱ ለምን?» አለ በቀስታ።

አለቃው በስለላ ቢሮው የሥራ ስሙ «አጎት» ነው። ፈገግ አለ። «ለማስረጃ። ደግሞ ከስምንተኛ ክፍል የተባረረ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም።»

ምስጥ ዋጠው። መዋጥ ለምዷል።

ዝርዝሩ የአርባ ሦስት ሰዎች ስም ነው። አንድ ፋብሪካ መርዙን ወንዝ ውስጥ ሲለቅ ያዩ፣ አይተውም ዝም ያላሉ። አንዲት ወጣት መምህርት ስማችሁ አይወጣም ብላ ምላላቸው፣ ሦስት ዓመት ቤት ለቤት ዞራ ነው ያናገረቻቸው። ከነሱ በፊት አፉን የከፈተ አንድ ሰው ነበር። ሬሳው ከዚያው ወንዝ ወጣ።

መምህርቷ ኮምፒውተር አታምንም። ሥራዋ ሁሉ ያለው አንድ ፍላሽ ላይ ነው። አማካሪዋ ዶክተሩ «እስቲ ልየው» ብሎ ወሰደባት።

አጎት ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። የልጁን ውጤት የሚጠብቅ አባት ይመስላል።

ምስጥ የፕሪንተር ቀለም ይዞ ዶክተሩ ቢሮ ገባ። በሩን ክፍት ተወው።

«ኮፒ! ና፣ ና ይሄን እይ!»

ዶክተሩ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቷል። የከፈተው ምሁራን ጥናታቸውን የሚለጥፉበትና እርስ በርስ የሚከታተሉበት ድረ ገጽ ነው። ተማሪው ክፍል ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ እሱ እዚህ አንባቢ ይቆጥራል።

«በዚህ ሳምንት ብቻ ሁለት መቶ አሥር ሰው አንብቦኛል! ያ ጎረቤቴ ስንት እንዳለው ታውቃለህ? ዘጠኝ!» ሳቀ። «ይሄ ደግሞ የውጭ አገር ፕሮፌሰር ነው። ‹እንደ እርስዎ ያለ ጭንቅላት አላየሁም› ይለኛል። ጥናቱን ከነስም ዝርዝሩ በግል ላክልኝ ብሏል።»

«ያውቁታል፣ ዶክተር?»

«ፕሮፌሰር ነው እያልኩህ! ተከታዬ ነው!»

የፕሮፌሰሩ ገጽ ላይ አንድም ጥናት የለም። ፎቶና ማዕረግ ብቻ። ይህን ለማየት ዶክትሬት አያስፈልግም። ያላየው ዶክትሬት ያለው ነው።

የዶክተሩ ጣት ወደ መላኪያው ሄደ።

«ስምዎ ሁለተኛ ነው እንዴ፣ ዶክተር?»

ጣቱ ቆመ።

«ምን አልክ?»

«መጀመሪያ ያለው የልጅቷ ስም ነው። ፕሮፌሰሩ ሥራው የሷ እንዳይመስለው ብዬ ነው።»

የዶክተሩ ፊት ደም መሰለ። «ትናንት ፊደል ያስቆጠርኳት!» ለፕሮፌሰሩ «ትንሽ ይታገሱኝ» ብሎ ጻፈ።

ኮሪደሩ ላይ ስልክ ጢው አለ።

ምስጥ በበሩ አጮለቀ። አጎት ስልኩን እያነበበ ነው።

አጋጣሚ ይሆናል።

«‹ዛሬውኑ እልካለሁ› ይበሉት እንጂ፤ እንዳይቀየምዎ።»

ዶክተሩ ጻፈ።

ጢው።

አጎት አንብቦ ሰዓቱን አየ።

ፕሮፌሰሩ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

የምስጥ ደም ፈላ። አሥራ ሁለት ዓመት እሺ ጌታዬ ሲለው የኖረው ሰው! ለማስረጃ ያለው ለፋብሪካው ሊሰጠው ኖሯል። ዶክተሩ ቢያመነታ እንኳ ምስጥ ሰርቆ እንዲያቀብለው፣ በሁለት በኩል ነው ያጠመደው።

ዶክተሩ ፍላሹን ነቅሎ ወረወረለት። «እንካ! የኔን ስም ከላይ አድርገህ አምጣ። ቶሎ!»

በሕይወቱ አንድ ገጽ ራሱ ተይቦ አያውቅም። ፍላሹ ላይ ያለውን ወደ ኮምፒውተሩ እንኳ አልገለበጠም። ሁሉን ነገር ኮፒ ይሠራለታል።

አጎት ተከተለው። ኮፒ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። እጁን ኮቱ ውስጥ ከተተ።

«ስጠኝ።»

ፍላሹ የወረቀት መቁረጫው ቢላዋ ሥር ነበር።

«ዋ! ሌላ ቅጂ የለውም!»

«አውቃለሁ፣ ፕሮፌሰር።»

ጫነው።

አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ።

«አንተ መሃይም! ከዛሬ ጀምሮ ቢሮው አያውቅህም። የለህም!»

«መቼ ነበርኩና?»

በሩ ተበረገደ። የአጎት እጅ ባዶውን ከኮቱ ወጣ።

መምህርቷ ናት። «ዶክተር ፍላሽሽን ለኮፒ ሰጠሁት አሉኝ...» ስብርባሪውን አየች። «ሦስት ዓመቴን? ምን በደልኩህ? ስማቸውን እንኳ በቃሌ አልያዝኩም!»

አጎት ይህን ሰማ። ጥርሱን ነክሶ ወጣ።

ምስጥ ሊነግራት ይችል ነበር። ከነገራት ግን ከፋብሪካው ጋር ልትጋፈጥ፣ ያንኑ ዝርዝር እንደገና ልትሰበስብ ነው። የእልኸኛ ዓይን ያውቃል።

«በስህተት ነው፣ እህቴ።»

በጥፊ አጮለችው። «ከብት!»

ጋዋኑን አውልቆ ማሽኑ ላይ ጣለው። የግቢው ዘበኛ ቀና ብሎም አላየውም።

አውቶቡስ ለመሳፈር ተራ ያዘ። ጉንጩ ገና ይለበልበዋል። አርባ ሦስቱ ዛሬም እቤታቸው ይገባሉ። አንዳቸውንም አያውቅም፤ አንዳቸውም አያውቁትም። ፋብሪካው ይሠራል፤ ዶክተሩ አንባቢ ይቆጥራል፤ የተቀጣችው እሷ ብቻ ናት።

«አንተ ሰውዬ፣ ጠጋ በል እንጂ!» አሉ ከኋላው አንዲት እናት።

ጠጋ አለ።