ጉድጓዱ አፍ ላይ ማን ነበር?

ግንበኛውን ከመሠረት ጉድጓዱ ሲያወጡት ጥፍሮቹ በአፈር ተሞልተው ነበር። እየቧጠጠ ነው የሞተው።

ታላቅ እህቱ አላለቀሰችም። በሕንፃው አሠሪ መሥሪያ ቤት ውል የምታዘጋጀው እሷ ናት። በሞተበት ሳምንት ደውሎላት ነበር። «እታለም፣ አፈሩ እየተንሸራተተ ነው። ብረት መደገፊያው አልመጣልንም።» እሷ ደግሞ ሥራ በዝቶባት «ኢንጂነር አላችሁ አይደል? ንገረው» ብላ ስልኩን ዘጋችበት። አንጀቷን የሚያንገበግባት ይኼ ነው። የተቀበረ ዕለት ማለች፦ «የወንድሜ ደም ደመ ከልብ ሆኖ ቢቀር፣ እኔ የእናቴ ልጅ አይደለሁም!»

መርማሪው መጀመሪያ የያዘው የቁፋሮ ማሽን ነጂውን ነው። ሰክሮ ዳሩን ናደው ተባለ።

«ጠጥተህ ነበር?»

«ኧረ ጌታዬ! ማሽኑ እኮ አደጋው ከመድረሱ ሦስት ቀን በፊት ነው የተበላሸው። ጋራዥ ነው ያለው።»

ጋራዡ ተጠየቀ። እውነቱን ነው፤ ተለቀቀ።

ቀጥሎ የተቋራጩ ሥራ አስኪያጅ ከረባቱን እያስተካከለ አንድ ወረቀት አቀረበ። የደህንነት ኢንጂነሩ አደጋው በደረሰበት ቀን ጠዋት በሦስት ሰዓት «ጉድጓዱ ተፈትሿል፤ ሠራተኛ ይውረድ» ብሎ ፈርሟል።

«ሰውየው የት አለ?»

«ደንግጦ ፈረጠጠ መሰለኝ። እኛም አዝነናል።»

እህት ወረቀቱን አየችና ቢሮዋ ገባች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በዚህ ሙያ ያለ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፦ ተቋራጮች ጨረታ ለማሸነፍ የደህና ባለሙያ የትምህርት ማስረጃ ይከራያሉ። ስሙ «ቁልፍ ባለሙያ» ተብሎ ውሉ ላይ ይሰፍራል፤ ሰውየው ግን ድርሽ አይልም። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ገለበጠች። ያው ኢንጂነር የአንድ ቀን መንገድ ርቆ በሚሠራ ሌላ ሕንፃ ውል ላይም አለ። የዚያ ሥራ መቆጣጠሪያ መዝገብ ሲታይ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት እዚያ ፈርሟል። መልአክ ካልሆነ በቀር እንዴት ሆኖ?

መርማሪው ሄዶ ሲሚንቶ ሲያስሞላ አገኘው።

«ማስረጃዬን አከራይቻለሁ፤ አልዋሽም» አለ ኢንጂነሩ። «ያንን ጉድጓድ ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ፊርማውም የኔ አይደለም።»

ሠራተኞቹ አፍ አወጡ። ወረቀቱን ፈርሞ ያመጣው ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው። ብረት መደገፊያዎቹስ? ውሉ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውል ንብረት ብሎ የዘረዘራቸው ብረቶች፣ ሥራ አስኪያጁ ለራሱ በሚያሠራው ቪላ ጣሪያ ሥር ተደርድረው ተገኙ። ቤቱ ቶሎ እንዲያልቅለት ነው። እውነተኛ ኢንጂነር ቢኖር ደግሞ ሠራተኛ አያስወርድለትም ነበር።

«እሺ፣ ፈርሜያለሁ» አለ ሲጨንቀው። «ግን እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ስለ አፈር ምን አውቃለሁ? ቢበዛ የወረቀት ማጭበርበር ነው። ሞቱን በእኔ ላይ አትጫኑ!»

መርማሪው ውሉን እንድታስረዳ እህትን አስጠራት። ቃላት የሚፈቱበትን የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣ ሥራ አስኪያጁ ፊት አስቀመጠችለት።

«ያንብቡልን» አለችው።

«እመቤቴ፣ ይኼ እኮ ሁልጊዜ የሚጻፍ ነገር ነው...»

«አንብብ አልኩህ!»

አነበበ። «ቁልፍ ባለሙያ ማለት በስሙ ተጠቅሶ በሥራው ቦታ በአካል የሚገኝ ሰው ነው። እሱ በሌለበት ሥራው እንዲቀጥል ያዘዘ ሥራ አስኪያጅ፣ የባለሙያውን ኃላፊነት በሙሉ... ራሱ ይወስዳል።» ከሥሩ ፊርማው አለ። እንደ ሌሎቹ ተቋራጮች ሁሉ እሱም ይህን ገጽ ሳያነብ ነበር የፈረመው።

«እንግዲያው የደህንነት ኃላፊው እርስዎ ነበሩ» አለ መርማሪው፤ ክሱንም ሰው መግደል ብሎ ጻፈው።

እህት ወንድሟ ከተቀበረበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንጀቷ ራሰ። ደስ አላት፤ አልደበቀችውም።

«ድገመው» አለችው።

«ምኑን?»

«ያነበብከውን። ጮክ ብለህ! ወንድሜ ሲጮህ የሰማው አልነበረም። አንተን ግን እኔ ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ መርማሪውን አየው። መርማሪው በጣቱ ገጹን አመለከተው።

ሥራ አስኪያጁ ገጹን ወደ ራሱ ሳበና ከመጀመሪያው ጀመረ።