ሐኪሙ ያላለው

ኦቦ ሆርዶፋ የሞተው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ የአምቦ ገበያ ገና ሳይበተን፣ ሚስቱ እግሩን እያሸችለት ሳለ ነው። ድንገት ደረቱን ያዘ፤ ትንፋሽ አጠረው፤ አንድ ሁለት ጊዜ ሳለና አበቃ። የወንጀል መርማሪው መቶ አለቃ ባይሳ ሲደርስ አስከሬኑ አልጋው ላይ እንዳለ ነበር። ቀኝ እግሩ ከብርድ ልብሱ ውጭ ነው። ጉልበቱ ላይ የቀዶ ጥገናው ጠባሳ ከላይ እስከ ታች ወርዷል፤ ባቱ አብጦ በዘይት ያብረቀርቃል።

ሬሳ ካለበት ቤት የሚጠበቀው ለቅሶ ነው። እዚያ ቤት ግን የሚሰማው ክስ ነበር።

«መርዝ አጠጥታ ገደለችው» አለች የሟቹ ታላቅ እህት ኡርጌ፣ ጣቷን ወደ ሚስቲቱ ወደ ሲንቄ ቀስራ። «ጠዋት ዱቄት በጥብጣ ስትሰጠው በዓይኔ አይቻለሁ። መቶ አለቃ፣ ይህቺ ሴት ትታሰር። ብትፈታም ወንድሜ መቃብር ላይ አትቆምም፤ ለቅሶውም ላይ አትቀመጥም።»

ሲንቄ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እጇ ገና ዘይት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ አብራው የኖረችውን ባሏን ብቻ ታያለች። ለኡርጌ የመለሰላት የሟቹ ታናሽ ወንድም ሌንጮ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ሲሆን ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«ተይ ኡርጌ፣ ነውር ነው። አዴ ሲንቄ እኔን አጉርሳ፣ አልብሳ ያሳደገች እናቴ ናት። አንድ ነገር አድርጋ እንኳ ቢሆን ሳታውቅ ነው።»

ባይሳ ሁሉንም በማስታወሻው ጻፈ።

ሆርዶፋ የመንግሥት ከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በኦጋዴን ጦርነት ስንቅ ሲያመላልስ መኪናው ፈንጂ ረገጠና ጉልበቱ ተጨፈለቀ። አሥር ዓመት ሲያነክስ ኖሮ በመጨረሻ ምሥራቅ ጀርመን ላኩት፤ የተበላሸውን አውጥተው የብረት ጉልበት ገጠሙለት፤ ሲመለስም አዲስ አበባ ለሚሠራ ጀርመናዊ ሐኪም አስረከቡት። አምቦም ቀልድ ታውቃለችና «ሆርዶፋ ኦሪጅናል መለዋወጫ አስገጥሞ መጣ» ብላ ስቃ ነበር። በዚያ ቅዳሜ ግን የሚስቅ አልነበረም።

ባይሳ ሲንቄን ወደ ጓዳ ወስዶ አግዳሚ ላይ አስቀመጣት።

«ያጥናሽ አዴ ሲንቄ። ዱቄቱ ምንድን ነው?»

«አጃ ነው። ምግብ አልበላ ቢለኝ በአጃ ልደግፈው ብዬ። ቆርቆሮው ያውና።»

ከቆርቆሮው ቆንጥሮ ቀመሰ። አጃ ነው።

«እግሩንስ ለምን ታሺው ነበር?»

«ባቱ አብጦ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። ሐኪሙ ‹የገባ ብርድ ነው፤ በሞቀ ዘይት ጠበቅ ተደርጎ ይታሽ› አለ።»

«አይራመድም ነበር?»

«ሐኪሙ ከልክሎ እንዴት ይራመዳል? ብረቱ ከአጥንቱ ጋር እስኪለምድ ከአልጋ እንዳይወርድ አለ። መጀመሪያ ላይ የክሊኒኩ ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰሩ በድሉ እየመጣ ጉልበቱን ያጥፍለት ነበር። ያን ጊዜ የብርድ ልብሱን ጫፍ ነክሶ ያለቅሳል፤ ሆርዶፋ እኮ ነው፣ ፈንጂ ላይ ያላለቀሰው። ‹ሲንቄ፣ ይህን ሰውዬ አስወጪልኝ› እያለ ይለምነኛል። ሐኪሙ ይተኛ ሲል ጊዜ ደስ አለን።»

ደስ አለን የምትለው ቃል ባይሳን ቆረቆረችው። እሱም የዚያው ጦርነት ቁስለኛ ነው፤ ግራ ጉልበቱን ጥይት በስቶት ወጥቷል። የጦር ሠራዊቱ ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ነርስ ጉልበቱን ስታጥፍበት ዘር ማንዘሯን ይራገም ነበር። እሷም «ስደበኝ፤ ግን እጠፈው» ትለዋለች። ሲሰድባት ታጥፋለች፣ ሲያለቅስ ታጥፋለች። ጠልቷት ጠልቷት፣ በእግሩ ከሆስፒታሉ ሲወጣ ጉልበቷን ስሞ ተሰናበታት። የጉልበት ሐኪም ደግ ቃል ሲናገር ሰምቶ አያውቅም።

ከአልጋው ራስጌ ሁለት ክራንች ግድግዳ ተደግፈዋል። ባይሳ ገልብጦ ጫፋቸው ላይ ያለውን ጎማ አየ። ጎማው አንድ ጭረት አልነበረበትም፤ ከመጣ ጀምሮ መሬት አልረገጠም።

ድሬሰር በድሉን ያገኘው ክሊኒኩ ውስጥ ነው። ሰውየው ገና ሳይጠየቅ ነጭ ጋውኑን ያፍተለትል ጀመር።

«ጠዋት ሄደህ ሆርዶፋን ወግተኸዋል አሉ። ምን መርፌ ነው?»

«የሕመም ማስታገሻ። ብልቃጡ ይኸው። የሞተው እኮ ከሰዓት በኋላ ነው፣ መቶ አለቃ።»

«ጉልበቱን ማጠፉን ለምን ተውከው?»

«ሐኪሙ ይቁም አለ ተባልኩ። ሐቁን ልንገርህ፣ እኔም ቀለለኝ። ያ ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲጮህ መስማት ቀላል አይደለም። ባቱ ሲያብጥ ግን ‹ወደ ሆስፒታል እንውሰደው› ብዬ ነበር። ‹ሐኪሙ ተጠይቋል፤ ብርድ ነው› አሉኝ። ከስፔሻሊስት በላይ ልሁን እንዴ?»

«ሐኪሙን አይተኸዋል?»

«የት አይቼው? እሱ አዲስ አበባ ነው።»

የማሺያውን ዘይት የሸጠው ደሊል ነው፤ ከሆርዶፋ ቤት ፊት ለፊት ሱቅ ያለው፣ ፒካፕ የሚያሽከረክር ነጋዴ። ከሟቹ ጋር እንደ ወንድም ነበሩ። ባይሳ ሲገባ የሱቁን በር ገርበብ አደረገው።

«ዘይቱን ማን ወሰደው?»

«መምህር ሌንጮ ነው። ‹ለወንድሜ እግር› አለኝ፤ ሰጠሁት። ሆርዶፋ ራሱ ከእኔ የሚፈልገው ግን ዘይት አልነበረም።» ደሊል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «‹ጉልበቴ ፒካፕህ ውስጥ የሚያስቀምጠኝን ያህል ሲታጠፍልኝ ጌዶ ታደርሰኛለህ› ይለኝ ነበር።»

«ጌዶ ምን አለው?»

«ይኼ ለፖሊስ የሚወራ አይደለም።»

«ለፖሊስ አትንገር። ለደንበኛህ ንገር።»

ደሊል በሩን አየና ተናገረ። ሆርዶፋ ቀንዓ የሚባል አንድ ልጅ ነበረው። በቀይ ሽብር ጊዜ በጥቆማ ተይዞ ታሰረ፤ አልተመለሰም፤ ሬሳውም አልተሰጠም። ሆርዶፋ ጀርመን ሲታከም ከጎኑ የተኛው ቁስለኛ ወታደር የጌዶ ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ ያኔ ከቀንዓ ጋር አንድ ክፍል ታስሮ ነበር። ጠቋሚው ማን እንደሆነ ቀንዓ ነግሮታል። ወታደሩም ለሆርዶፋ «እዚህ አልነግርህም፤ በሰውም አልልክም። እግርህ ድኖ ጌዶ ስትመጣ ከጓሮዬ ቁጭ ብለን እነግርሃለሁ» አለው።

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ሲንቄና ወንድሙ። ሰው ከገዛ ቤቱ ምን ይደብቃል?»

ባይሳ ሌንጮን የለቅሶ ፈቃድ ሊጠይቅ በሄደበት ትምህርት ቤት አነጋገረው። ሌንጮ ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር አቀረበለት፣ መስኮቱን ዘጋለት።

«ጀርመናዊው ሐኪም እንግሊዝኛ ነው የሚናገረው?»

«አዎ። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ያለውን ሁሉ ቃል በቃል አድርሻለሁ። ምናልባት እሱ ተሳስቶ ይሆናል፣ መቶ አለቃ። እኛ ፈረንጅ ያለውን ሁሉ አሜን ብለን እንቀበላለን» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ባይሳ ሬሳውን ለምርመራ አጅቦ አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያ ተመልሶ በአውቶቡስ ጌዶ ሄደ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ የሰማውን ለማንም አላወራም። አስከሬኑ ለቀብር በተመለሰ ዕለት ሁሉንም ሆርዶፋ ቤት ሰበሰባቸው። ኡርጌ ከሲንቄ ራቅ ብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። በድሉና ደሊል በር አጠገብ ናቸው። ሌንጮ ከሲንቄ ጎን ሆኖ እጇን ይዟል።

«በሆዱ ውስጥ መርዝ አልተገኘም» አለ ባይሳ። «አጃ ነው የተገኘው። የገደለው ከባቱ ተነሥቶ ሳንባው ውስጥ የተወተፈ የረጋ ደም ነው። እንዲህ ያለ ደም የሚረጋው ሰው ተኝቶ ሲቀር ነው። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች እንደነገሩኝ፣ ባት ሲያብጥና ሲያተኩስ ከታሸ፣ የረጋው ደም ተነቅሎ ይሄዳል።»

ሲንቄ እጇን ከሌንጮ እጅ አወጣች፤ ለምን እንዳወጣችው ገና አላወቀችም።

«ማን ይተኛ አለ? ማን ይታሽ አለ? ብዬ ጠየቅኋችሁ። ሁላችሁም ‹ሐኪሙ› አላችሁኝ። እውነት መሰላችሁ። ነገር ግን ተኛ የሚል ሐኪም ክራንች አያስይዝም። እነዚህ ክራንቾች አንድ ቀን መሬት አልረገጡም። ደግሞ ሐኪሙ የተናገረው ሁሉ እንዴት እንዲህ ጣፋጭ ሆነ? ጉልበት ያሠራ ሰው ያውቀዋል፤ የሚያድነው ቃል ያስለቅሳል። እናንተ የሰማችሁት ግን እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነበር። ሁላችሁ ‹ሐኪሙ አለ› ስትሉ ሐኪሙን በጆሮው ሰምቶ የተረዳው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ሌንጮ ዞሩ።

«ሐኪሙን አገኘሁት» አለ ባይሳ። «‹ቢያለቅስም እጠፉለት፤ ቢሳደብም አራምዱት። ባቱ ካበጠ እንዳትነኩት፤ በዚያው ቀን አምጡልኝ› ብያለሁ አለኝ።»

«ሳልሰማው ቀርቼ ይሆናል» አለ ሌንጮ። «አነጋገሩ ጀርመንኛ ይጫነዋል።»

«ሁለተኛ ጊዜ ስትሄድስ? ባቱ ካበጠ በኋላ ብቻህን ሄደሃል። አበጠ አላልከውም። ‹ምናልባት አብጦ ሰው ቢያሸው ምን ይሆናል?› ብለህ ጠየቅኸው። ‹በቅጽበት ሊሞት ይችላል› አለህ። ሐኪሙ ለምን እንዳልረሳህ ታውቃለህ? ‹እንደዚያ የሚጠነቀቅ ወንድም አይቼ አላውቅም› አለኝ።»

በድሉ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«ማሊፍ፣ ሌንጮ?» አለች ኡርጌ በተሰበረ ድምፅ። «ለምን? እሱ እኮ ነው ያስተማረህ።»

«መልሱን ከጌዶ አመጣሁት» አለ ባይሳ። «ሆርዶፋ በእግሩ ቢቆም ኖሮ ጌዶ ሄዶ የልጁን ጠቋሚ ስም ይሰማ ነበር። ስለዚህ መቆም አልነበረበትም። ወታደሩ ስሙን ነገረኝ። እዚህ መጥራት ያስፈልገኛል?»

ሌንጮ ለማንም ሳይሆን ለወለሉ ተናገረ። «ያኔ ያልጠቆመ ይጠቆም ነበር። ይፈቱታል ብዬ ነው። ወንድሜንም ልገድለው አልፈለግኩም፤ እንዳይሄድ ብቻ ነበር።»

«መጀመሪያ እንዲያ ይሆናል። ባቱ ሲያብጥ ግን ዘይት ገዛህ። ጣት ወደ እሷ ሲቀሰርም ‹ሳታውቅ ነው› ብለህ ቀድመህ አሳልፈህ ሰጠሃት። ለቀንዓ የሚጠይቅህ ፍርድ ቤት ዛሬ የለም። ለሆርዶፋ ግን እኔ እጠይቅሃለሁ።»

ሲንቄ ፊቷን ወደ ሌንጮ አዞረች። ባጎረስኩ ተነከስኩ የሚባለው ለእሷ ነው፤ ይህ ሰው ጉልበቷ ሥር ድክ ድክ ብሎ ያደገ ነው። አልጮኸችበትም።

«ሳሸው አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር» አለችው። «እጄ ዛለ ስልህ ‹ትንሽ ጠበቅ አድርጊው፣ ይሻለዋል› አልከኝ። በእኔ እጅ። በእኔ እጅ ገደልከው፣ ሌንጮ።»

ሌንጮ ቀና ማለት አልቻለም። በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ደሊል መንገዱን ከለቀቀ በኋላ ምራቁን መሬት ላይ እንትፍ አለ።

ሲንቄ ባይሳን ጠራችው። «ባላሸው ኖሮ ይኖር ነበር?»

ማጽናኛ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ መጣለት፤ ቀኑ ደርሶ ነው፣ አይተርፍም ነበር የሚል። እንዲህ ያለው ቃል በዚህ ቤት ምን እንደሠራ አይቷልና ዋጠው።

«ይኖር ነበር ይሆናል» አላት። «ማሸቱ እንደሚገድለው ያወቀው ግን ሌንጮ ነው። አንቺ አላወቅሽም። ይህ ይከብድሻል፤ እንዳይከብድሽ ብዬ አልዋሽሽም።»

ጭንቅላቷን በቀስታ ነቀነቀች። ኡርጌ ከተቀመጠችበት ተነሥታ መጥታ እግሯ ላይ ወደቀች፤ ይቅር በይኝ፣ ነገ ከሬሳው ፊት አንቺ ቁሚ፣ ለቅሶው የአንቺ ነው አለች። ሲንቄ አነሣቻት።

«እቆማለሁ። ግን ለሁለቱም ነው የማለቅሰው። ለልጄ አልቅሼ አላውቅም። ያኔ ቀበሌው ‹ለጸረ ሕዝብ ድንኳን የለም፤ ድምፅሽ ከቤት እንዳይወጣ› አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣም።» ከዚያ ባይሳን ከነመለዮው ከላይ እስከ ታች አየችው። «አንተም የመንግሥት ሰው ነህ። ትከለክለኛለህ?»

ባይሳ ቀበሌውም አለቆቹም እንደሚጠይቁት ያውቃል።

«እኔም እመጣለሁ» አላት።

በማግስቱ መቃብሩ ላይ ሲንቄ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሁሉ ፊት ቆመች። መጀመሪያ የጠራችው የቀንዓን ስም ነው፤ ከዚያ የሆርዶፋን።