ሦስት ደቂቃ ዝምታ

የብልሽት ቀይ መብራት ሲበራ ትርሲት ቁርሷን አቋርጣ ተነሳች።

ማርስን በምትዞረው «ጮራ» መርከብ ላይ ሁሉም ሠራተኛ በየማለዳው ወደ ጠያቂው ይገባል። ጠያቂ አርባ ጥያቄ እየጠየቀ የሰውን ባሕርይና የአእምሮ ጤና ከራሱ አንደበት የሚመዝን ማሽን ነው። ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅም። የትርሲት ባል ጌዴዎን ግን ሰሞኑን ሁለት ሰዓት ይቆያል። ብልሽት መሆን አለበት፤ ጠጋኟ ደግሞ እሷ ናት።

መዝገቡን ከፈተች። ንግግሩን መስማት አይፈቀድላትም፤ «አለ» ወይም «የለም» የሚሉትን የመልስ ምልክቶች ግን ታያለች። «ከልቡ የሚያዳምጥዎት አለ?» ለሚለው ጌዴዎን ባለፈው ወር «የለም» ብሏል። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ «አለ» ይላል።

ጆሮዋ ጋለ። እሷ እንዳልሆነች ታውቃለች። ታዲያ ማን ናት? የአትክልት ክፍሏ ማራማዊት ትሆን? ያቺ ስትስቅ አንገቷን ወደ ኋላ ትጥላለች።

ሄዳ ጠየቀቻት። «ባሌ እዚህ ይመጣል?»

ማራማዊት የቲማቲም ችግኝ እያሰረች ሳቀች። «ጎመን ሊወስድ እንኳ አይመጣም። ጠያቂው ጋ አይደል የሚውለው? እሱን ያገባ መስሎናል።»

ትርሲት ተመልሳ ማሽኑን ፈታች። ማሽኑ ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ ዝም ብሎ የሚጠብቀው ሁለት ሰከንድ ሦስት ደቂቃ ሆኗል። ሌሎቹ «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ያልፉታል። ጌዴዎን አንድም ቀን አልተጫነውም። የድምፁ ሞገድ በየጥያቄው አንድ ዓይነት ነው፦ አጭር መልስ፣ ዝምታ፣ ከዚያ ረጅም ንግግር።

በተበላሸ ሰዓት ቆጣሪ ቀናች። ወደ ሁለት ሰከንድ መለሰችው፤ ብሎኑንም ከሚገባው በላይ አጠበቀችው።

በማግስቱ ጌዴዎንን ለምሳ ቀድሟት ተቀምጦ አገኘችው።

«እንዴት ዋልክ?»

«እግዜር ይመስገን። አንቺስ?»

«እግዜር ይመስገን።»

ሰባት ዓመት እንዲህ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጨው ነው።

«ጨውን አቀብዪኝ» አለ።

አላቀበለችውም። ማንኪያዋን አስቀምጣ ዝም አለች። አንድ ደቂቃ። ጌዴዎን ሳህኑን አየ። ሁለት።

«ምን ሆነሻል?»

አልመለሰችም። ሦስተኛው ሊሞላ ሲል ጉሮሮውን ጠረገ።

«የእናቴ ድምፅ ጠፋብኝ» አለ። «ፊቷን አስታውሳለሁ። እንዴት እንደምትጠራኝ ግን ጠፋብኝ።»

ማሽኑ ይህን ከእሷ በፊት እንደሰማ ታውቃለች። ቅናቱ አልለቀቃትም። ቢሆንም ምንም ሳትል ጠበቀችው።