በሥራህ ፊት ቁም

ዋና ሳጅን ሙለታ ልደታ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ያለው ጋራዥ ሲደርስ፣ ሜካኒኩ ደጉ በአሮጌ ሸራ ተሸፍኖ መሬት ላይ ተጋድሟል። ከሸራው ውጭ የቀሩት ጫማዎቹ ብቻ ናቸው፤ የአንደኛው ማሰሪያ በኤሌክትሪክ ሽቦ ተቀጥሏል። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ አንድ ሰማያዊ ታክሲ አፍንጫውን ወደ ብሎኬት ግንቡ አዙሮ ቆሟል። ግንቡ ላይ በሰው ወገብ ልክ ደም አለ።

ስልኩ ጮኸ። አለቃው ኢንስፔክተር ኢያኤል ነው፤ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ዲግሪውን ቢሮው ውስጥ ከግድግዳ ሰዓቱ በላይ የሰቀለ።

«ሙለታ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ጂራታ የሚባለው ሌላው ሜካኒክ ሰው እያየው በመኪና ጨፈለቀው። እስከ ስድስት ሰዓት ይዘኸው ና፤ ከሰዓት ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ።»

«መጀመሪያ ልየው።»

«ምኑን ነው የምታየው? ጻፍና ና። ደግሞ በሚነበብ ጽሕፈት ይሁን።»

ሙለታ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ፖሊስ ከመሆኑ በፊት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሰባት ዓመት ሜካኒክ ሆኖ መኪና ሥር ተኝቶ ኖሯል። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ስላቆመ፣ የማዕረግ ተራ በደረሰው ቁጥር አንድ ወረቀት ጎደለህ ይሉታል። ሥራ ያሳያቸው ልጆች አልፈውት ሄደው ዛሬ «አንተ» ይሉታል። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ይዞታል፤ አንዱንም አልረሳም።

ጂራታ ከብረት ምሰሶ ጋር በገመድ ታስሯል። ከንፈሩ ተሰንጥቋል።

«ማን መታህ?»

«ማን ያልመታኝ አለ? የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ ቀጥሎ ደግሞ የእናንተው ፖሊስ።»

«ደጉን ትጠላው ነበር ይላሉ።»

«እጠላው ነበር፤ አልዋሽም። የገጠምኩትን ካምቢዮ ‹አልተሠራም› ብሎ ሦስት ጊዜ ደንበኛ ፊት አስመልሶኛል። ሰላም ከተባባልን ሁለት ወር አልፎናል። ግን አልገደልኩትም፣ ጋሼ። የፍሪሲዮኑን ፔዳል እስከ ወለሉ ድረስ ረግጬ ነው ያስነሳሁት። መኪናው ግን ዘለለ።»

«ሰው ግንብና መኪና መሃል ምን ያደርጋል?»

ጂራታ ደም የቀላቀለ ምራቁን ተፋ። «የኢንጂነር ቃለሕይወት ሕግ ነው። ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ከመጣ ወዲህ ያመጣው። አዲስ ፍሪሲዮን የገጠመ ሜካኒክ ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ ጉልበቱን የመኪናው የፊት መከላከያ፣ ፓራውልቱ ላይ አስደግፎ ይቆማል። ሌላው ገብቶ አንደኛ ማርሽ ያስገባል፣ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ያስነሳል። ሥራህ ጥሩ ከሆነ መኪናው አይነቃነቅም። ‹በሥራህ ፊት ቁም› ይለናል። እንደ ተማሪ ቤት ቅጣት።»

«ከዚያ በፊት መኪናውን ማን ነካው?»

«ደጉ ገጥሞ፣ የፍሪሲዮኑን ገመድ አስተካክሎ፣ እጁን ሊታጠብ ሄደ። ኢንጂነሩ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ ነበር። ሁልጊዜም ያያል፤ ምን እንደሚያይ ግን እንጃለት። እኔም አጠገቡ አልፌያለሁ። ሸምሲያም እዚያው ነበረች።»

«መኪናው ግንቡን ከመታ በኋላስ?»

«ሞተሩ በራሱ ጠፋ። ወደ ኋላ ገፋነው። ወዲያው አንገቴን አነቁኝ፤ ይኸው እስካሁን እዚሁ ነኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰኞ ዕለት ኢንጂነሩና ደጉ ቢሮ ውስጥ ሲጯጯኹ ሰምቻለሁ። ደጉ ‹ፈተናህን አልፈህ ወረቀትህን ያገኘኸው በእኔ እጅ ነው፤ ሌላ ቀን ግንቡ ጋ ብታቆመኝ ሄጄ እናገራለሁ› ሲለው። ዛሬ ግን በሥራው ተማምኖ ሄዶ ቆመ።»

ሸምሲያ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ነች። በርሜል ላይ ተቀምጣለች፤ ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ በደም ደርቋል። ሙለታ ገና ሳይጠይቃት ጀመረች።

«አዎ ሰድቦኛል! ትናንት ሰው ፊት ‹የታደሰ የፍሪሲዮን ሸራ ነው የሸጥሽልኝ› አለኝ። ዛሬ ጠዋት አዲሱን ይዤ መጣሁ፤ አገላብጦ አይቶ ‹አሁን ሰው ሆንሽ› አለኝ። ምላስ ብቻ ነበር! ግን ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ ይዤ ነው የሞተው። ሬሳውን እስኪሸፍኑት አልተነሳሁም።»

«ሌላው ሰውስ ምን ያደርግ ነበር?»

«ጂራታን ይቀጠቅጣል እንጂ! ሰው የነበረው ኢንጂነሩ ብቻ ነው። እሳት እንዳይነሳ ብሎ ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪውን ነቀለ።»

«ሞተሩ ጠፍቶ አልነበረም?»

ሴትዮዋ አሰበች። «ጠፍቶ ነበር። እንጃ፣ የተማረ ሰው ያውቃል ብዬ።»

ሙለታ ወደ ታክሲው ሄደ። ከጎማው አጠገብ የደጉ መፍቻዎች ጨርቅ ላይ ከትንሽ እስከ ትልቅ ተደርድረዋል፤ የአስራ ሁለት ቁጥሩ ቦታ ባዶ ነው። ጫፍ ላይ ትንሽ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠርሙስ ተቀምጣለች።

«ይቺ ምንድን ነች?»

«ከእኔ ነው የወሰዳት» አለች ሸምሲያ። «አስተካክሎ ያጠበቀው የቡሎን ዳዶ ላይ ጠብ ያደርጋል። ‹ማንም አይንካብኝ› ይላል። ስቄበት ነበር።»

ሙለታ በሩን ከፍቶ የፍሪሲዮኑን ፔዳል በእጁ ጫነ። ገና ሲነካው ከበደ። ከዚያ ኮፈኑን አንስቶ የፍሪሲዮኑን ገመድ እስከ ጫፉ ድረስ ተከተለና ገመዱን የሚያጠብቀውና የሚያላላው ማስተካከያ ዳዶ ላይ ሲደርስ ቆመ። ረጅም ጊዜ አጎንብሶ አየ፤ በስልኩም ሦስት ፎቶ አነሳ።

ኢንጂነር ቃለሕይወት ቢሮው ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሶ ተቀምጧል። ከራሱ በላይ በመስታወት የተለበጡ የምስክር ወረቀቶች ተሰቅለዋል፤ ሙለታ ቆጠራቸው፣ አራት ናቸው። የጋዋኑ ቀኝ ኪስ ከግራው ይልቅ ወደ ታች ተጎትቷል።

«ቁጭ በል፣ ሳጅን» አለ ሳይነሳ። «በቀላሉ ላስረዳህ። ፍሪሲዮኑ ምንም ችግር የለበትም። ጂራታ ሆን ብሎ እግሩን ለቀቀ። በቃ።»

«ችግር እንደሌለበት በምን አወቁ?»

«በትምህርት።»

«ደጉስ ተምሮ ነበር?»

«አራተኛ ክፍል ነው። ስሙን እንኳ በቅጡ አይጽፍም።»

ሙለታ የተሰቀሉትን ወረቀቶች አንዴ አይቶ ወጣ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ኢያኤል ራሱ መጣ። ከመኪናው ሳይወርድ መጮኽ ጀመረ። «እስካሁን ምን ትሠራለህ? ሰውዬውን ጫነው!»

«ሁላችሁም ወደዚህ ኑ» አለ ሙለታ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ጂራታን ፍቱትና አምጡት።» አራቱም ታክሲውን ከበው ቆሙ፤ ኢያኤል እጁን አጣጥፎ፣ ሸምሲያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ጂራታ የታሰረበትን እያሸ፣ ቃለሕይወት ሰዓቱን እያየ።

«ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያያይዝና የሚያላቅቅ ነገር ነው» አለ ሙለታ። «ፔዳሉን ስትረግጥ ገመዱ ይስባል፣ ይላቀቃል። ገመዱ ከላላ ፔዳሉ ወለል ቢነካም አይላቀቅም፤ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ማስነሻው ሞተሪኖ ሲዞር መኪናው ይዘላል። ገመዱ ከጠበቀ ደግሞ ገና ስትነካው ይላቀቃል። አሁን ይህ ጠብቋል፤ ከልክ በላይ ጠብቋል።»

«እንግዲያውማ ተላቅቋል!» አለ ኢያኤል። «ጂራታ እግሩን ለቆ ነው የገደለው። ራስህ አስረዳኸኝ።»

«እንዲህ እንድትሉ ነው እንዲጠብቅ የተደረገው።» ሙለታ ዳዶውን በጣቱ አሳየ። «ደጉ ፔዳሉ ላይ ሁለት ጣት ያህል ነጻ ርግጫ ሳይተው ሥራ የሚያስረክብ ሰው አይደለም። የሰው ካምቢዮ ሦስት ጊዜ የሚያስመልስ ሰው የራሱን እንዲህ አይተውም። ጨርሶ ቀዩን ቀለም ጠብ አድርጓል። እዩት፤ ነጥቡ ለሁለት ተሰንጥቋል። ግማሹ ዳዶው ላይ ዞሯል፣ ግማሹ ቡሎኑ ላይ ቀርቷል። ደጉ ከጨረሰ በኋላ ሌላ እጅ ገብቷል።»

«የጂራታ እጅ» አለ ቃለሕይወት።

«ቆይ። መኪናው ዘሎ ሰው ገድሏል። በዚህ አጠባበቅ ፔዳሉ ተረግጦ አይዘልም። ስለዚህ ወይ ጂራታ አልረገጠም፣ ወይ ያን ጊዜ ገመዱ ላልቶ ነበር፤ የጠበቀውም ደጉ ከሞተ በኋላ ነው። ጂራታ ሊገድለው ፈልጎ እግሩን የሚለቅ ከሆነ ዳዶውን ለምን ይነካል? እግሩ ይበቃዋል። ዳዶውን የሚፈልገው ወንበሩ ላይ የማይቀመጥ ሰው ነው። መጀመሪያ አላላው። ሰው ሲሞት ደግሞ ወጥመዱ እንዳይገኝና ጣት ሁሉ ወደ ጂራታ እንዲዞር መልሶ አጠበቀው። የሚያውቅ እጅ ቢሆን ሁለት ጣት ላይ ይመልሰው ነበር። ይህ እጅ ግን ልኩን ስለማያውቅ ዝም ብሎ አጠበቀ።»

የከተማው ባቡር ከጋራዡ በላይ ባለው ድልድይ እያንጓጓ አለፈ። ሙለታ እስኪያልፍ ጠበቀ።

«ከሞቱ በኋላ ጂራታ ምሰሶ ላይ ነበር። ሸምሲያ የሟቹን ጭንቅላት ይዛ ነበር። ኮፈኑን የከፈተ አንድ ሰው ነው፤ በራሱ ከጠፋ ሞተር ላይ ባትሪ ሊነቅል።»

«እሳት...» አለ ቃለሕይወት። «ጥንቃቄ ነው! አንተ ምን ታውቃለህ?»

«ምንም አላውቅም።» ሙለታ ባትሪውን መልሶ አሰረ፣ ኮፈኑ ሥር አጎነበሰ፣ እጁም ወደ ዳዶው ሲሄድ ታየ። ከዚያ ኮፈኑን ደፋው። «ኢንጂነር፣ ዳዶውን ደጉ ሲሞት ወደ ነበረበት መልሼዋለሁ። እርስዎ እንዳሉት ያን ጊዜም ፍሪሲዮኑ ምንም ችግር አልነበረበትም። እኔ ፔዳሉን እረግጣለሁ፤ አለቃዬም እግሬን ያያል። እርስዎ እዚያ ግንቡ ጋ ይቁሙ።»

ቃለሕይወት አልተንቀሳቀሰም።

«የራስዎ ሕግ አይደል? ችግር ከሌለበት አይነቃነቅም። ይቁሙ!»

«አልቆምም።»

«ለምን?»

«ይዘላል! እንደዚያ ሆኖ ይዘላል!» ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ዳዶውን አልነካሁትም» አለ ሙለታ። «እርስዎ እንዳጠበቁት ነው። ‹ምንም ችግር የለበትም› እያለ ላልቶ እንደነበር በእርግጠኝነት የሚያውቀው ግን ያላላው ብቻ ነው። ከጋዋንዎ ኪስ የደጉን አስራ ሁለት ቁጥር ያውጡት።»

ኢያኤል ራሱ የጋዋኑ ኪስ ውስጥ እጁን ከትቶ አወጣው። የመፍቻው አፍ ላይ ቀይ ቀለም ተለጥፏል።

«አራተኛ ክፍል ነው!» ጮኸ ቃለሕይወት። «አንድ መሃይም ሠራተኛ ፊቴ ቆሞ እናገርብሃለሁ ይለኛል? እኔን?»

«የተግባር ፈተናውን በስምህ ገብቶ ያለፈልህ እሱ ነው» አለ ሙለታ፤ «እርስዎ» የሚለው ቃል ከአፉ ጠፍቷል። «ግድግዳህ ላይ የሰቀልከው የዚያ መሃይም እጅ ነው።»

ጂራታ የታሰረበት ገመድ ለቃለሕይወት ዋለ።

ኢያኤል ወደ ሙለታ ዞረ። «ጥሩ ነው። ሪፖርቱን ጽፈህ አምጣና እኔ እፈርማለሁ።»

«የጻፈው ይፈርማል» አለ ሙለታ። «ጽሕፈቴ ካልተነበበ ዳኛው ይጥሩኝ፤ እኔው አነብላቸዋለሁ።» ኢያኤል አፉን ከፍቶ ዙሪያውን አየ። የሚያግዘው ፊት ሲያጣ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ጂራታ አላመሰገነም፤ ሙለታም አልጠበቀም። ጂራታ ጨርቁ አጠገብ ተቀምጦ የደጉን መፍቻዎች በተራቸው ጠቀለለ፤ የአስራ ሁለት ቁጥሩን ቦታ ባዶ ተወው።

«መኪናው ከፍርድ ቤት ሲለቀቅ ጥሩኝ» አለ ቀና ሳይል። «ፔዳሉን ሁለት ጣት ላይ እመልሰዋለሁ። እጠላው ነበር። ግን ይህ አጠባበቅ የሱ ሥራ ነው ሲባል መስማት አልፈልግም።»

ሙለታ ቀዩዋን ጠርሙስ ከመሬት አንስቶ ሰጠው።