ክንዷ ላይ ያልበራው መብራት

«ክንድዎን ይግለጡልኝ» አልኳት። መጀመሪያ የገለጠችው ጥርሷን ነው።

«እርስዎ? ኧረ ተው፣ ይህን ያህልም አላረጀሁ!»

ልብስ ሰፊ ናት። ልቧ ውስጥ ደም እየረጋ ያስቸግራታል። እኔ ደግሞ አዲስ ሕክምና የሚሞከርበት ክፍል ቴክኒሻን ነበርኩ። ከክንዷ ቆዳ ሥር መድኃኒት ያዘለች፣ ምስር የምታክል ዝልግልግ ጄል ቀበርንላት። ጠዋትና ማታ ሰማያዊውን መብራት ስታበራባት ጄሏ ትላላና ደም ማቅጠኛውን መድኃኒት ጠብ ታደርጋለች። መብራቱ የበራበትን ሰዓት ሁሉ ይመዘግባል። መዝገቡን በየሳምንቱ ማንበብ የኔ ሥራ ነበር።

መድኃኒቱ ግን ቆዳ ያበልዛል። ያን ጥቁር ሰማያዊ ሁሉ እጅጌዋን እየጎተተች ትሸፍንብኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ክንዷ ጠርቶ መጣች።

«ዛሬማ አምሮብሻል!» አልኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

አቀረቀረች... ፊቷ ግን በራ።

«ማብራቱን አላቋረጥሽም አይደል?»

«አንተን ዋሽቼ የት እገባለሁ?»

ሳቅን። መዝገቡን ሳልከፍት አለፍኩት። የምወዳትን ሴት እንደ ሌባ መፈተሽ መሰለኝ። በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ።

በሦስተኛው ሳምንት የረጋ ደም አንጎሏን መታው። ቀኝ ጎኗ ዛለ፣ አንደበቷ ተያዘ። መዝገቡን ያን ጊዜ ከፈትኩት። ሃያ ሁለት ቀን ባዶ! ክንዷ እንዳይበልዝ ብላ ትታዋለች።

እናቷ አልጋዋ ሥር ተቀምጠዋል። ከሰው መደበቅ እችል ነበር፤ ከእግዚአብሔር ግን ወዴት? ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ላንተ ለማማር ብላ ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«አንተስ? አፍህን ከምታሳምር ሥራህን ብትሠራ ምን ነበረበት! ውጣልኝ!»

ልወጣ ዞርኩ። ከተኛችበት በግራ እጇ የጋውኔን ጫፍ ጨበጠች። «አ... አ...» አለች። ሌላ አልወጣትም። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ።

«ልቀቂው ልጄ፣ ይሂድ።»

ጭራሽ አጥብቃ ያዘችኝ።

እናቷ ወንበር በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ።

«ተቀመጥ። ቆመህ አታልቅስብኝ።»

ሆስፒታሉ ከሥራ አባረረኝ፤ አልተከራከርኩም። ከተጋባን ስድስት ዓመታችን ነው። አንደበቷ ዛሬም አልተፈታም፤ ስሜን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ስትቆጣኝ ግን ሳህኑን በግራ እጇ ጠረጴዛው ላይ ታጋጨዋለች፣ ጎረቤት ሳይቀር ይሰማል። ይቺን ድምፅ ስላልነፈገኝ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።