ከጥንዱ የወጣው ዲስክ

በ2003 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። ኢንስፔክተር ዓባይነሽ በጎረቤቶች አቤቱታ ከባሕር ዳር ተልካ ፍኖተ ሰላም ስትደርስ ሟቹ ከተቀበረ ሳምንት ሆኖታል፤ «ገዳይዋ» ታስራለች፤ መዝገቡም ሰኞ ለዐቃቤ ሕግ ሊላክ ተሰናድቷል። እኔን የሚያንጨረጭረኝ ይሄ ነው! ሰው በቤቱ ሞቶ ሲገኝ መጀመሪያ የምትታሰረው የቤት ሠራተኛዋ ናት። ጠበቃ የላት፣ የሚጮህላት ዘመድ የላት፤ ያዝ፣ አስፈርም፣ አለቀ።

ሟቹ አቶ ተስፋው ሠርግና ክርስትና የሚቀርጽ የቪዲዮ ባለሙያ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ማሚቱ ከምትባል ሠራተኛው በቀር ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሚቱ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ሥር ተዘርሮ አገኘችው። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። ጮኸች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ሳጅን ይታገሱ መጣና ማንን ያዘ? የጮኸችውን።

«በምን መታችው?» አለች ዓባይነሽ፣ ሬሳው የወደቀበት ክፍል ውስጥ ቆማ።

«በዘነዘና ነው፣ ኢንስፔክተር። ማድ ቤት አግኝተነዋል።»

«ደም አለበት?»

«አጥባው ይሆናላ።»

«ይሄ የጠረጴዛው ብረት ጥግ ላይ የደረቀውስ ምንድን ነው? ቀለም ነው?»

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ አየ። ስምንት ቀን ሙሉ እዚህ ቤት ሲገባና ሲወጣ አላየውም ነበር።

«እሺ፣ ለምን ገደለችው?»

«ኮምፒውተሩን ሰብራበት ነዋ! ራሷ አምናለች። ሰደባት፣ ተናደደች፣ መታችው። ካላመኑኝ ያብሩት፤ ይጮሃል።»

ዓባይነሽ ማብሪያውን ተጫነችው። ሳጥኑ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ አለ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ መጣ፤ ትንሽ ቆይቶ ጩኸቱ ቆመና ኮምፒውተሩ በሰላም ተከፈተ። ተሰብሯል የተባለው ዕቃ ደህና አድርጎ ይሠራል። ዓባይነሽ በቀጥታ ወደ እስረኛዋ ሄደች።

ማሚቱ ከቡሬ ገጠር የመጣች፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። ኢንስፔክተሯን ስታይ ከመሬት ተነሣች።

«እትዬ፣ በማርያም፣ እኔ አልገደልኳቸውም። ሳጥኑን ግን እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«መቼ?»

«ጋሽ ተስፋው ከመሞታቸው ሦስት ሳምንት በፊት። ጠረጴዛውን ስወለውል ገፋሁት። ከዚያ ወዲህ ሲከፈት ይጮሃል፤ ከተከፈተ በኋላ ግን ዝም ነው። እሳቸው አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ‹ተይው፣ ሠሪው ዘሩ መጥቶ ያየዋል› ነው ያሉኝ።»

«የሞቱ ለት መቼ ከፈቱት?»

«በጠዋት። ሰባት ሰዓት ላይ እህል ይዤ ወደ ወፍጮ ስወጣ እየሠሩ ነበር።»

«ከሰው ተጣልተው ያውቃሉ?»

ማሚቱ የነጠላዋን ጫፍ ጠመዘዘች። «ከወንድማቸው ከደጀኔ። በእናቴ መሬት የተነሣ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ደጀኔ በእነማሚቱ ቀበሌ የመሬት ልኬታ ኮሚቴ ውስጥ ነበር። የማሚቱ እናት አልጣሽ ባሏ ሞቶባት፣ ታማ ጸበል በሄደችበት ወራት፣ ማሳዋን በራሱ ስም አስመዘገበው። አይ ጭካኔ! ሽማግሌዎች ጠርተው ቢይዙት ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አልቅሶ አመነ። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ግን ሽምጥጥ አድርጎ ካደ። ሽማግሌዎቹ እንዳይመሰክሩ ደግሞ በእርቅ የተነገረ ነገር ችሎት አይወጣም፤ የአገሩ ወግ ነው። በሽምግልናው ለት ግን ተስፋው ካሜራውን ይዞ እዚያው ነበር፤ ቀርጾታል።

«‹ቀጠሮው ሲደርስ ለዳኛው አሳየዋለሁ› አሉት» አለች ማሚቱ። «ወንድማቸው በሩን ድርግም አድርጎ ዘግቶ ወጣ። ወር አልፎታል፤ ሳጥኑን ከመግፋቴ በፊት ነው። እኔንም በቤታቸው ያስጠጉኝ እኮ ወንድማቸው ባደረገው አፍረው ነው።»

ዓባይነሽ ደሟ ፈላ። ያንኑ ሰዓት ደጀኔን እህል መጋዘኑ ድረስ ሄዳ አገኘችው። ጥቁር ለብሷል፤ ጺሙን አሳድጓል፤ ለቅሶ ያሳመረ ሰው ነው።

«ከወንድምዎ ተጣልተው ነበር አሉ፣ አቶ ደጀኔ።»

«አልክድም። ከወር ወዲህ ደጃፉን አልረገጥኩም። ሐሙስም ደምበጫ ነበርኩ። ይቆጨኛል፤ ሳንታረቅ ያቺ ከይሲ በላችብኝ።»

«ኮምፒውተሩን ያውቁታል?»

«እንዴ! አብረን አይደል የገዛነው? ቪዲዮውን የማቀናብረው እኔ ነበርኩ። ሁለት ዲስክ ነው ያለው፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ። እዚህ የተጻፈው እዚያም ይጻፋል፤ እዚህ የጠፋው እዚያም ይጠፋል። አንዱ ቢቃጠል እንኳ የሰው ሠርግ አይጠፋም።»

«ሰሞኑን አስቸግሮ ነበር?»

«ምን ሲሆን! የመሰለ ዕቃ ነው። አንድ ቀን እንኳ ከሥራ አስቁሞን አያውቅም።»

ዓባይነሽ አመስግናው ወጣች። ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩን የገጠመው ባለሙያ ዘሩ መፍቻዎቹን በቦርሳ ይዞ ከቡሬ በሚኒባስ ደረሰ። የሳጥኑን ክዳን ፈታና በባትሪ አየ።

«ይኸው! የሁለተኛው ዲስክ ገመድ ተነቅሏል። ሳጥኑ ሲገፋ ነው የወጣው። ዲስኩ ጤነኛ ነው፤ ግን ከጥንዱ ወጥቷል። ማሽኑ በአንዱ ብቻ ነው ሲሠራ የከረመው፤ ሲከፈት የሚጮኸውም ለዚሁ ነው።»

«እንደተበላሸ ታውቅ ነበር?»

«ጋሽ ተስፋው ‹ይጮሃል› ብለው ደውለውልኝ ነበር፤ አንዱ ዲስክ ከጥንዱ እንደወጣ ያኔውኑ ገብቶኛል። ዛሬ ነገ እያልኩ…» መፍቻውን አስቀመጠ። «ሞታቸውን ቡሬ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ነው የሰማሁት።»

«አሁን ገመዱ ቢሰካ ይድናል?»

«ኧረ እንዳይነኩት! ማሽኑ የዛሬውን በአሮጌው ላይ ይገለብጥበታል። እዚያ ላይ ተጠብቆ የቀረው የድሮው ነገር ድምጥማጡ ይጠፋል። ዲስኩን አውጥቼ ለብቻው በሌላ ኮምፒውተር ነው የምከፍተው።»

«ሲሠራ የከረመውንስ አይተህ፣ ሐሙስ ለት ምን እንደተደረገበት ልትነግረኝ ትችላለህ?»

ዘሩ እስኪመሽ ድረስ አልተነሣም። ያገኘውን ሲነግራት ዓባይነሽ አንድ ነገር ብቻ አለች፦ «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም እዚህ ይምጡ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም በሟቹ ቤት ተገኙ። ደጀኔ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሳጅን ይታገሱ ማሚቱን በካቴና ይዟት በሩ አጠገብ ቆመ። ዘሩ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ» አለች ዓባይነሽ፣ «ከዚህ ኮምፒውተር አንድ ቪዲዮ ተሰርዟል። ከስንት መቶ ሠርግ መካከል አንድ፤ የሽምግልናው። ያን ጊዜ ማሚቱ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ነበረች። ባለወፍጮውን ጠይቄዋለሁ።»

«ገድላው ሄዳ ቢሆንስ?» አለ ሳጅኑ።

«ታዲያ ማን ሰረዘው? ሬሳው?»

ዓባይነሽ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለች።

«ተስፋው ራሱ እንዳንል ለችሎት ያዘጋጀውን ማስረጃ አያጠፋም። ስለዚህ የሰረዘው ገዳዩ ነው። አሁን ገዳዩ ያደረገውን እዩልኝ። ሳጥኑን አልሰባበረም፤ ዲስኮቹን ነቅሎ አልወሰደም። አንድ ቪዲዮ ሰርዞ ተረጋግቶ ወጣ። ከአንዱ ካጠፋሁት ከሁለተኛውም ይጠፋል ብሎ ነው። ሁለተኛው ዲስክ ግን ከግድያው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ከጥንዱ ወጥቷል። ያን ቀን የነበረው ሁሉ አለበት።»

ደጀኔ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ከሆነማ ሰክቶ ማስተካከል ነዋ! የወንድሜ ንብረት ነው፣ አምጡት እኔ እሰካዋለሁ!» እጁን ወደ ዲስኩ ሰደደ። ዓባይነሽ አንጓውን አፈፍ አድርጋ ያዘችው።

«ይቀመጡ። ቢሰካ ምን እንደሚሆን ከዘሩ ሌላ እዚህ የሚያውቀው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ተቀመጠ።

«ዘሩ ጥንዱ እንደተለያየ በስልክ ሰምቷል፤ እሱ ቢሆን ሁለተኛውንም ያጠፋ ነበር። ማሚቱ ኮምፒውተር ከፍታ አታውቅም። የቀረው ዲስኮቹ ጥንድ መሆናቸውን የሚያውቅ፣ መለያየታቸውን ያልሰማ ሰው ነው። አብሮ የሠራበት፣ ከወር ወዲህ ግን ደጃፉን ያልረገጠ። ሐሙስ ሲመጣ ደግሞ ኮምፒውተሩ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ስለነበር ጩኸቱን አልሰማም። ይህን ሁሉ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፣ አቶ ደጀኔ። ዘሩ፣ ክፈተው።»

ላፕቶፑ ላይ ሰፊ የዋርካ ጥላ መጣ። ከሥሩ ደጀኔ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ተንበርክኳል። «መሬቱ የአልጣሽ ነው» ይላል እንባው እየወረደ፤ «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው፣ ማሩኝ።»

«ዝጉት!» ደጀኔ ጮኸ። «በእርቅ የተነገረ ነው! ነውር አታውቁም? ወንድሜም ይህን አጥቶት ነው? አጥፍቼዋለሁ እኮ! ከሁለቱም አጥፍቼዋለሁ!»

ደጀኔ አፉን በእጁ ያዘ፤ ቃሉ ግን ወጥቷል።

«አልመታሁትም» አለ። «ስጠው አልኩት፣ እምቢ አለኝ፣ ገፋሁት። ብረቱ ነው የመታው።»

ዓባይነሽ ከዚያ በኋላ አንቱታውን ተወችው። «ወንድምህ እግርህ ሥር ደሙ እየፈሰሰ፣ ሐኪም መጥራት ሲገባህ ተቀምጠህ ቪዲዮ ሰረዝክ! አልበቃህ ብሎ መሬታቸውን የነጠቅካቸውን ሰዎች ልጅ ነፍሰ ገዳይ አስባልክ። ዓይንህን በጨው ታጥበህ ስለ ነውር ልታስተምረኝ ነው? ሳጅን፣ ካቴናውን ከልጅቷ ፍታና ለዚህ አድርግለት። ሰበረችው ብለህ ያሰርከው እጅ ሳጥኑን ባይገፋ ኖሮ ዛሬ ማስረጃ የሚባል ነገር አልነበረህም።»

ሳጅኑ ካቴናውን ከማሚቱ ፈትቶ ደጀኔን አሰረበት። «በይ፣ ተፈትተሻል። ሂጂ» አላት።

ማሚቱ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። «እናቴ ውጭ ናት። ዘጠኝ ቀን ስንቅ ስታመላልስ ‹የገዳይ እናት› እያላችሁ ስታንጓጥጧት ከርማችኋል። እኔ አልነግራትም። እርስዎ ራስዎ ወጥተው ይንገሯት።»

ሳጅኑ ዘወር ብሎ አለቃውን አየ።

«ምን ታየኛለህ?» አለች ዓባይነሽ። «ውጣ!»

ወጣ። አልጣሽ አጥሩን ተደግፋ፣ የምግብ ሳህኑን በነጠላዋ ሸፍና ተቀምጣለች። በየደጁ ሰው ቆሟል። ሳጅን ይታገሱ ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለና፣ «እማማ፣ ልጅዎ ንጹሕ ናት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አላት በሹክሹክታ።

አልጣሽ ቀና ብላ አየችው። «ጮክ በል» አለችው። «ጎረቤቱ አልሰማም።»